የመረጃ ቋት ቅጂዎች እንዳይለያዩ የትኛው መንገድ ይሻላል? ለሰሜን ሸዋ ተቋማት የቀረበ ንጽጽር

በሰሜን ሸዋ የቁጠባና ብድር ማኅበራት፣ ሆስፒታሎች፣ ኮሌጆችና የጅምላ ነጋዴዎች መዝገባቸውን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲያዛውሩ ከአቅራቢዎች የሚሰሙት ማረጋገጫ ተመሳሳይ ነው፦ «መረጃችሁ በሁለት ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ።» ሥራ አስኪያጁም ይህን ሰምቶ ይፈርማል። ቅጂ መኖሩ ግን ቅጂው ትክክለኛ ለመሆኑ ዋስትና አይሆንም። ቅጂው ከዋናው ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚቀር፣ ሁለቱ ቢለያዩ የትኛው እንደሚታመን፣ መለያየታቸውንም ማን እንደሚያውቅ በውሉ ላይ ካልሰፈረ ተቋሙ ሁለት ማሽን ከመግዛት ያለፈ ነገር አላገኘም።

ከዚህ በታች አምስት አማራጮችን አነጻጽራለሁ። ምሳሌዬ በአብዛኛው ዋና ቢሮው ደብረ ብርሃን ሆኖ በመሐል ሜዳ፣ በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት ቅርንጫፎች ያሉት የቁጠባና ብድር ማኅበር ነው፤ በገንዘብ ላይ የሚፈጠር ስህተት ወዲያው ሰው ይዞ ይመጣልና። የሶፍትዌር ስም የምጠራው አሠራራቸው ስለሚለያይ ብቻ ነው። ፖስትግሬስም ሆነ ማይኤስኪውኤል፣ ሁለቱም የመረጃ ቋት ሶፍትዌሮች፣ በአግባቡ ከተያዙ ለእኛ ሥራ ይበቃሉ።

በምን እንመዝን?

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው፣ ሥርዓቱ ለገንዘብ ተቀባዩ «ተመዝግቧል» ካለው በኋላ ያ መዝገብ ሊጠፋ ይችላል ወይ የሚለው ነው። ደረሰኝ ተቆርጦለት የሄደ አባል ከሳምንት በኋላ ሲመለስ ሒሳቡ ውስጥ ገንዘቡ ከሌለ፣ ማኅበሩ ያጣው ከመዝገብ በላይ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ከዚህም የከፋ ነው፤ ሁለት ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ዋና አድርገው ሊጽፉ ይችላሉ ወይ? የአንድ ዕቁብ ሁለት ጸሐፊዎች ሳይገናኙ በየደብተራቸው ቢመዘግቡ በኋላ የማንኛው ደብተር እንደሚጸድቅ ለመወሰን ዳኛ ያስፈልጋል። የጠፋ መዝገብ ከደረሰኝ ቅሪት ተፈልጎ ሊሞላ ይችላል። የተጋጩ መዛግብት ግን ሁለቱም ትክክል መስለው ስለሚቀርቡ ማስታረቁ የሳምንታት ሥራ ይሆናል።

ሦስተኛው መለኪያ በሰርቨሮቹ መካከል ያለው መስመር ሲቆረጥ የሚሆነው ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤሪክ ብሩወር እ.ኤ.አ. በ2000 የሰነዘረው፣ ሴዝ ጊልበርትና ናንሲ ሊንች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 በማስረጃ ያጸኑት ሐሳብ እዚህ ላይ ይሠራል፦ መስመር በተቆረጠ ጊዜ ሥርዓቱ ወይ አገልግሎቱን ይገታል ወይ የቅጂዎቹን አንድነት ይተዋል። ሁለቱንም አሟላለሁ የሚል አቅራቢ ካጋጠማችሁ እንዴት እንደሚያደርገው በጽሑፍ ጠይቁት።

ከዚያ በተረፈ ከቅጂው የሚያነብ ሠራተኛ ያረጀ መረጃ ያያል ወይ፣ የሁለቱ መለያየት በምን ይታወቃል፣ ስንት ሰርቨርና ምን ያህል የባለሙያ ትኩረት ይጠይቃል የሚሉት አሉ። ርቀትን ብዙ ሰው ይፈራል፤ እኔ ግን ከመለኪያዎቹ አልጨምረውም። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ ደርሶ መልሱ 1.3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። መስመሩ የሚዞርበት መንገድና በመካከል ያሉት መሣሪያዎች ጥቂት ቢጨምሩበትም ገንዘብ ተቀባይ የሚያስተውለው መዘግየት አይሆንም። የሚያሳስበው የመስመሩና የመብራቱ መቆራረጥ ነው።

አንደኛ፦ አንድ ሰርቨርና ያልተቋረጠ ባክአፕ

ይህ ብዙ ጊዜ እንደ ድሃ አማራጭ ይናቃል፤ ለአነስተኛ ቢሮ ግን ከሁሉ የተሻለ ሊሆን ይችላል። የሚጽፈው ሰርቨር አንድ ስለሆነ የሚለያይ ነገር የለም። ፖስትግሬስ እያንዳንዱን ለውጥ ከዋናው ፋይል በፊት በሎግ (ለውጦች በቅደም ተከተል በሚሰፍሩበት መዝገብ) ላይ ይጽፋል። የሎጉን ክፍሎች ወደ ሌላ ማሽን በተከታታይ እየላኩ ከሙሉ ባክአፕ ጋር ማኖር መረጃውን ወደሚፈለገው ደቂቃ ለመመለስ ያስችላል። «ከቀኑ 8፡40 በፊት የነበረውን መልሱልኝ» ማለት ይቻላል፤ ይህን፣ ሰርቨር ማብዛት ብቻውን አይሰጥም።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ አንዱ የሎግ ክፍል እንደተለመደው 16 ሜጋባይት መሆኑና የሚላከው ሲሞላ መሆኑ ነው። ሥራ በማይበዛበት ቢሮ ይህ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ባይሞላም በየአንድ ወይም በየአምስት ደቂቃው እንዲላክ መታዘዝ አለበት። ያ ካልተደረገ ሰርቨሩ ሲበላሽ የጠዋቱ ሥራ ሁሉ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ሌላው ጉድለት አገልግሎቱ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ ነው፤ ማሽን ማዘጋጀትና ባክአፕ መመለስ በሰዓታት ይቆጠራል።

ሁለተኛ፦ ሳይጠብቅ የሚልክ ዋናና ተከታይ

ዋናው ሰርቨር መዝገቡን ለራሱ አጽድቆ ለሠራተኛው «ተመዝግቧል» ይላል፤ ለተከታዩ፣ ማለትም ቅጂውን ለሚይዘው ሰርቨር፣ የሚልከው ከዚያ በኋላ ነው። አብዛኞቹ የመረጃ ቋቶች ሲጫኑ የሚመጡበት ልማድ ይህ ነው፤ አቅራቢ ዝርዝሩን ካልነገራችሁም የሸጠላችሁ ይህንኑ መሆኑን ገምቱ። ፈጣን ነው፤ መስመር ቢቆረጥ ዋናው ሥራውን ይቀጥላል፤ መስመሩ ሲመለስም ተከታዩ የቀረውን ይቀበላል።

ችግሩ ዋናው ድንገት ሲጠፋ ይታያል። ተከታዩ ጋ ያልደረሱት የመጨረሻ መዛግብት የሉም። ተከታዩ ዋና ተብሎ ሥራ ከጀመረ በኋላ አሮጌው ዋና ሲነሣ ደግሞ አዲሱ የማያውቃቸውን መዛግብት ይዞ ይነሣል። ጊትሀብ የተባለው የሶፍትዌር መድረክ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 2018 የደረሰበት ለዚህ ማሳያ ነው። በጥገና ሥራ ምክንያት በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ መስመሩ ለ43 ሰከንድ ተቋረጠ። ራሱን የቻለ መቀየሪያው ዋናነቱን በምዕራብ ጠረፍ ላሉት ሰርቨሮች ሰጠ። በምሥራቅ ተጽፈው ያልተሻገሩ መዛግብት ነበሩ፤ በምዕራብም አዳዲስ ተጻፉ። አንዱን ጥሎ ሌላውን መያዝ ስላልተቻለ አገልግሎቱ ወደ ሙሉ ጤንነቱ እስኪመለስ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ፈጀ። ይህ የሆነው ብዙ ባለሙያዎች ባሉት ድርጅት ነው።

ስለዚህ ይህን አማራጭ የመረጠ ተቋም ዋናነትን የሚቀይረው ሰው እንጂ ፕሮግራም ባይሆን እመርጣለሁ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሰው ተቀስቅሶ ሃያ ደቂቃ ቢጠፋ፣ በራሱ ፈቃድ ከተቀያየረ በኋላ ከሚመጣው ማስታረቅ ይቀላል።

በማይኤስኪውኤል ሌላ ጥንቃቄ አለ። ቀድሞ ለተከታዩ የሚላከው ትእዛዙ ራሱ ነበር፤ እንደ ዘፈቀደ ቁጥር ያለ በየሰርቨሩ የተለያየ ውጤት የሚሰጥ ነገር ያለበት ትእዛዝ ሁለቱን ቅጂዎች ድምፅ ሳያሰማ ይለያያቸዋል። ከ5.7.7 ጀምሮ የተለወጠው ረድፍ ራሱ እንዲላክ ሆኗል፤ አሮጌ ሥሪት የያዘ ተቋም ይህን ያረጋግጥ። ተከታዩም ለንባብ ብቻ ተብሎ ካልተዘጋ አንድ ሠራተኛ በስህተት ሊጽፍበት ይችላል።

ሦስተኛ፦ የተከታዩን ማረጋገጫ የሚጠብቅ

እዚህ ዋናው ሰርቨር ተከታዩ «ደርሶኛል» እስኪል ለሠራተኛው አይመልስም። ለገንዘብ ሥራ ትክክለኛው መነሻ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም በዚህ ስም የሚሸጡት ነገሮች እርስ በርስ ስለሚለያዩ ጥቂት ልቆይበት።

ማይኤስኪውኤል ከፊል መጠበቅ የሚባል አሠራር አለው። ተከታዩ መዝገቡን መቀበሉን ዋናው ይጠብቃል፤ ግን የሚጠብቀው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው፤ እንደተለመደው ለ10 ሰከንድ። ጊዜው ካለፈ ወደ ሁለተኛው አማራጭ ይመለስና ያለ ጥበቃ መጻፉን ይቀጥላል። ገንዘብ ተቀባዩ ምንም አያይም። መስመሩ ጠዋት ተቆርጦ ሰርቨሩ ከሰዓት ቢቃጠል፣ ተቋሙ ዋስትና አለኝ ሲል የዋለበት ቀን በሙሉ ያለ ዋስትና ነበር። ጊዜውን ማርዘም ይቻላል፤ ዋናው ቁም ነገር ግን አሠራሩ ሲለወጥ ለኃላፊው ስልክ መልእክት የሚልክ ክትትል መኖሩ ነው።

ፖስትግሬስ በተቃራኒው አይሸሽም። ተከታዩ ከሌለ እያንዳንዱ ጽሑፍ እየጠበቀ ይቆማል። ይህ ለመረጃው መልካም፣ በረጅም ሰልፍ ፊት ላለ ሠራተኛ ግን ጭንቅ ነው። ሠራተኛው ትዕግሥት አጥቶ ጥያቄውን ቢሰርዘው መጠበቁ ብቻ ይሰረዛል፤ መዝገቡ በዋናው ላይ አስቀድሞ ጸንቷል። ፕሮግራሙ ይህን ማስጠንቀቂያ ካላነበበ ሠራተኛው «አልተሳካም» ብሎ ደግሞ ይመዘግባል፤ የ5,000 ብር ቁጠባ 10,000 ይሆናል። መድኃኒቱ እያንዳንዱ ደረሰኝ የማይደገም ቁጥር ይዞ እንዲሄድና ቋቱም ያንን ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዳይቀበል ማድረግ ነው። ይህ ጥቂት የፕሮግራም ሥራ ከአንድ ተጨማሪ ሰርቨር በላይ ይጠቅማል።

የማቆሙን ችግር ለመቀነስ ከፖስትግሬስ 10ኛው ሥሪት ጀምሮ «ከሁለቱ ተከታዮች የማንኛውም አንዱ ማረጋገጫ ይበቃል» ማለት ይቻላል። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ያጸድቃል። ጥበቃውን ለእያንዳንዱ መዝገብ ለይቶ ማዘዝም ይቻላል፤ ለገንዘብ ይጠበቅ፣ ለመግቢያና መውጫ ሰዓት አይጠበቅ።

አንድ ነገር ልጨምር። «ደርሶኛል» ማለት «ለንባብ ይታያል» ማለት አይደለም። ተከታዩ ሎጉን ዲስክ ላይ ጽፎ ገና ሳይተገብረው ማረጋገጫ ሊሰጥ ይችላል። ፖስትግሬስ እስኪተገበር የሚጠብቅ ደረጃም አለው፤ ዋጋው ተጨማሪ መዘግየት ነው። ሒሳብን ለመክፈል የሚደረግ ንባብ ሁልጊዜ ከዋናው፣ ሪፖርት ግን ከተከታዩ ቢሆን ይህ ጥያቄ ራሱ ይቀራል።

አራተኛ፦ ሦስት ሰርቨር በአብላጫ

ሦስት ሰርቨሮች ይተከላሉ፤ መዝገብ የሚጸድቀው አብላጫው፣ ማለትም ሁለቱ፣ ሲስማሙ ነው። አንዱ ቢወድቅ ሥራው ይቀጥላል። መስመር ተቆርጦ ብቻውን የቀረው ሰርቨር አብላጫ እንደሌለው ስለሚያውቅ መጻፍ ያቆማል፤ ስለዚህ ሁለት ዋና አይፈጠርም። የማሪያዲቢ ጋሌራና የማይኤስኪውኤል ግሩፕ ሪፕሊኬሽን ከዚህ ቤተሰብ ናቸው። ፖስትግሬስን ፓትሮኒ ከተባለው የዋና መቀየሪያ ፕሮግራም ጋር ማቀናጀት ደግሞ ማን ዋና እንደሚሆን በአብላጫ ያስወስናል፤ መረጃው እንዳይጠፋ ግን የሦስተኛው አማራጭ ጥበቃ አብሮ መታዘዝ አለበት።

ሁለት ሰርቨር ለዚህ አይበቃም፤ ከሁለት አንዱ ሲጠፋ የቀረው አብላጫ አይሆንም። ሦስቱም በአንድ ክፍል፣ በአንድ የመብራት መስመርና በአንድ የባትሪ መጠባበቂያ ላይ ከተቀመጡ ለእሳትና ለመብራት አንድ ሰርቨር ናቸው። ሁሉም በአንድነት ጠፍተው ሲነሡ የትኛው የመጨረሻውን መዝገብ እንደያዘ ለይቶ ከእርሱ ማስጀመር ይጠይቃል፤ ይህን የማያውቅ ሰው የተሳሳተውን ካስጀመረ የቀሩት መዛግብት ይጠፋሉ። እንግዲህ ይህ አማራጭ ባለሙያ በቅርብ ለሌለው ተቋም አይመከርም።

አምስተኛ፦ በየቅርንጫፉ የሚጻፍ፣ በኋላ የሚታረቅ

ለቅርንጫፎች እጅግ የሚያጓጓው ይህ ነው። መሐል ሜዳም ሸዋ ሮቢትም የራሳቸው ሰርቨር አላቸው፤ መስመር ባይኖርም ይሠራሉ፤ ሲገናኙ ይለዋወጣሉ። እኔ ግን ለገንዘብ ሒሳብ አጥብቄ እቃወመዋለሁ።

አንዲት አባል 10,000 ብር አላት እንበል። መስመር በተቆረጠበት ቀን በመሐል ሜዳ የበግ ግዢ ብላ 8,000 ብር አወጣች፤ ባለቤቷ በውክልና በሸዋ ሮቢት ሌላ 8,000 አወጣ። ሁለቱም ሰርቨሮች ቀሪውን 2,000 ብለው ጻፉ። ሲገናኙ «የመጨረሻው ጽሑፍ ያሸንፋል» የሚለው ደንብ 2,000ን ይይዛል፤ የወጣው ግን 16,000 ብር ነው። ግጭቱ እንደ ግጭት እንኳ አይታይም፤ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ናቸውና። «የመጨረሻው» የሚባለውም የሚታወቀው በየሰርቨሩ ሰዓት ነው፤ የአንዱ ሰዓት አምስት ደቂቃ ቢቀድም ሁልጊዜ እርሱ ያሸንፋል።

የመረጃ ቋት ተመራማሪው ጂም ግሬይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት፣ በሁሉም ቦታ በሚጻፍበት ሥርዓት የሰርቨሮቹና የሥራው ብዛት አሥር እጥፍ ሲሆን መቆላለፉ (ሥራዎች እርስ በርስ እየተጠባበቁ መቆማቸው) ወይም ማስታረቁ ሺህ እጥፍ እንደሚሆን አሳይተዋል። በሁለት ቅርንጫፍ ሲሞከር ያማረው በስምንት ቅርንጫፍ የሚፈርሰው ለዚህ ነው።

ያለ መስመር መሥራት ግድ ከሆነ ቅርንጫፉ ቀሪ ሒሳብን አይጻፍ፤ እያንዳንዱን ገቢና ወጪ የማይደገም ቁጥር ሰጥቶ በተራ ያቆይ፤ መስመር ሲመለስ ወደ ማዕከሉ ይላክ፤ ቀሪውን ማዕከሉ ብቻ ያስላ። ቁጠባ ያለ ገደብ ይቀበል፤ ለወጪ ግን ማኅበሩ ሊሸከመው የሚችለው ጣሪያ ይቀመጥ። ጣሪያው ስንት ይሁን የሚለው የኮምፒውተር ባለሙያው ሳይሆን የቦርዱ ውሳኔ ነው።

አምስቱ በአንድ ገበታ

| አማራጭ | የጸደቀ መዝገብ ይጠፋል? | ሁለት ዋና የመፈጠር አደጋ | መስመር ሲቆረጥ | ሰርቨር | የባለሙያ ጫና |
|---|---|---|---|---|---|
| አንድ ሰርቨርና ባክአፕ | ካለፈው የሎግ መላኪያ በኋላ ያለው | የለም | ሥራ ይቀጥላል | 1 እና የባክአፕ ቦታ | ዝቅተኛ |
| ሳይጠብቅ የሚልክ | የመጨረሻዎቹ | አለ፤ በራሱ ሲቀያየር ይብሳል | ሥራ ይቀጥላል | 2 | መካከለኛ |
| ማረጋገጫ የሚጠብቅ | አይጠፋም፤ ወደ አለመጠበቅ ካልተመለሰ | ዝቅተኛ፤ ሰው ሲቀይረው | ይቆማል ወይም ያለ ዋስትና ይቀጥላል | 2፣ ቢሻል 3 | መካከለኛ |
| ሦስት በአብላጫ | አይጠፋም፤ አብላጫው ካለ | የለም ማለት ይቻላል | አብላጫው ይሠራል | 3 | ከፍተኛ |
| በየቅርንጫፉ የሚጻፍ | ገና ያልተላከው ሊጠፋ፣ የተላከውም ሊሻር ይችላል | ሁልጊዜ አለ | ሁሉም ይሠራል | በየቅርንጫፉ 1 | እጅግ ከፍተኛ |

ለማን የቱ?

አንድ ቢሮ ያለው ማኅበር፣ ፋርማሲ ወይም መደብር አንደኛውን ይያዝ። ለሁለተኛ ሰርቨር ያሰበውን ገንዘብ ለባትሪ መጠባበቂያና መብራት ሲጠፋ የያዘውን ጽሑፍ ለሚጨርስ ጥሩ ዲስክ ያውለው። ለፍጥነት ተብሎ ወደ ዲስክ በትክክል መጻፉን ማረጋገጥ የሚያስቀር ማስተካከያ ከተደረገ ግን የትኛውም አማራጭ አያድንም።

ቅርንጫፎች ላሉት የቁጠባና ብድር ማኅበር ምክሬ የተቀላቀለ ነው፦ በደብረ ብርሃን ከተማ በሁለት የተለያዩ ሕንፃዎች ማረጋገጫ የሚጠባበቁ ሁለት ሰርቨሮች፣ አዲስ አበባ ደግሞ ሳይጠበቅ የሚቀበል ሦስተኛ ቅጂ። ቅርንጫፎቹ ወደ ማዕከሉ ይገናኙ፤ መስመር ሲቆረጥ ከላይ የተገለጸውን ተራ ይጠቀሙ። ገንዘቡ ለሦስት ካልበቃ የአዲስ አበባው ቅጂ ይቅርና ባክአፑ ብቻ ከከተማው ይውጣ።

ሆስፒታል አገልግሎቱን ማቆም ስለማይችል ባለሙያ ካለው ወደ አራተኛው ይሂድ፤ ከሌለው ሦስተኛውን ይያዝ። የታካሚ የመድኃኒት አለርጂና የታዘዘለት መጠን ከተከታይ ቅጂ እንዳይነበብ ግን በጥብቅ ይታዘዝ። ለኮሌጅ ሁለተኛው ይበቃል፤ ውጤት በሚገባባቸው ቀናት ብቻ ወደ መጠበቅ ይለወጥ።

ሁሉንም የሚመለከቱ ሁለት ነገሮች

ቅጂ ባክአፕን አይተካም። አንድ ሠራተኛ ሰንጠረዥ ቢያጠፋ ማጥፋቱ በቅጽበት ወደ ሁሉም ቅጂ ይተላለፋል። ጊትላብ በተባለው ሌላ የሶፍትዌር መድረክ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ተከታዩን ሰርቨር ሲጠግን የነበረ ባለሙያ በስህተት የዋናውን ፋይሎች አጠፋ። የዕለቱ ባክአፕ በሥሪት አለመጣጣም ምክንያት ሳይሠራ ቆይቶ ነበር፤ ማንም አላወቀም። የተረፈው በአጋጣሚ ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት በተወሰደ ቅጂ ሲሆን በመካከሉ የተጻፈው ጠፍቷል።

ሁለተኛው በግዕዝ ፊደል ስም የሚመዘግቡ ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ ነው። ፖስትግሬስ የጽሑፍ ቅደም ተከተልን ብዙ ጊዜ የሚወስደው ሊኑክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና ውስጥ ካለው ጂሊብሲ ከተባለው የፕሮግራም ስብስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው 2.28ኛው ሥሪት ይህን ቅደም ተከተል በስፋት ለውጧል። ዋናው በአሮጌ፣ ተከታዩ በአዲስ ሊኑክስ ላይ ከሆነ፣ ፋይሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ኢንዴክሱ (ለፍለጋ የሚያገለግለው ማውጫ) በተከታዩ ላይ ትክክል አይሆንም። የተመዘገበ አባል ሲፈለግ «የለም» ይባላል፤ ያ ተከታይ ዋና ከሆነ ደግሞ አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ሊቀበል ይችላል። ሁለቱም ሰርቨሮች አንድ ዓይነት ሊኑክስና አንድ ዓይነት ሥሪት ይኑራቸው፤ ከተለወጠም ኢንዴክሶቹ እንደገና ይሠሩ።

በጨረታ ሰነዱ ላይ ምን ይጻፍ?

አቅራቢው ዋናው ሰርቨር ከመብራት ሲነቀል በፊታችሁ ያሳይ፤ ከመነቀሉ በፊት የተመዘገቡት የመጨረሻ ደረሰኞች በተከታዩ ላይ ይቆጠሩ። መስመሩ ተቆርጦ ሠራተኛው ምን እንደሚያይ ያሳይ። ተከታዩ ሲዘገይ ወይም ጥበቃው ሲላላ ለማን ስልክ መልእክት እንደሚሄድ ይገለጽ። ሁለቱ ቅጂዎች በየሳምንቱ የሚነጻጸሩበት ወይም የሚመረመሩበት መሣሪያ ይጠቀስ፤ ለማይኤስኪውኤል የፐርኮና የሠንጠረዥ ማነጻጸሪያ፣ ለፖስትግሬስ ኢንዴክስ የሚመረምረው አምቼክ አለ፤ ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። ባክአፕ በየወሩ ወደ ባዶ ማሽን ተመልሶ የቀሪ ሒሳቡ ድምር ከዋናው ጋር ይመሳከር፤ በሒሳብ ሹሙም ይፈረም። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀውም ይህ አንድ ጊዜ በተግባር ከታየ በኋላ ይሁን።